ከዜሮ በላይ

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቡሬ ላይ ዝናብ ሲጥል፣
የዩኒየኑ ቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚቆላ ሽምብራ ጣ ጣ ሲል፣
እኔ ወንበሬን ስቤ፣ ከአዲሱ ኮምፒውተር ፊት፣
ዓምድ አቆማለሁ፣ ዓምድ እነቅላለሁ፣ እንደ ጎጆ ቤት።

ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘኝ፤ ገባ ጃንጥላውን ሳያጥፍ፤
«ይህ ሁሉ ስም ለምኔ ነው? ሲወርድ ሲወርድ እንደ ጎርፍ!
ዕዳ ያለበትን ብቻ አሳዪኝ፤ ትልቁን ከላይ አድርጊ፤
ሌላውን ከዓይኔ አርቂልኝ፤ ስትፈልጊው ፈልጊ።»

ቀላል ነው እኮ። የአያት ስም፦ ምልክቱን ማንሳት፤ ጠፋ።
ቀበሌ፦ ጠፋ። የእርሻው ስፋት፦ እንደ ገለባ ተደፋ።
ቀሪ ዕዳን ጎትቼ ከስሙ ጎን አስጠጋሁት፤
ቀስቷን ወደ ታች አዞርኩና ከብዙ ወደ ጥቂት ደረደርኩት።
(አባቴም ደርዳሪ ነበር፣ የበገና፤ እኔ ደግሞ የብር ቁጥር፤
ቃሉ አንድ ነው፣ ጣቱም አንድ፤ ዜማው ነው የሚያስቸግር።)
ከዚያ ወንፊቱን አነሳሁ፦ «ቀሪ ዕዳ፣ ከዜሮ በላይ»፤
አራት ሺህ ሰው ወረደና ዘጠኝ መቶው ቀረ ሲታይ።
ስም ጠየቀኝ፤ «የአስኪያጁ» አልኩት። «ለሁሉም ይታይ?» አለ፤
«አዎን» አልኩ ሳላነብ፤ ደጅ የቆመ ባጃጅ አለ።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ሰው መጣ፤ ጋቢው ጭቃ የጠገበ፣
ደረሰኙን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ የሸበበ።
«አይቸው ቢሻው፤ ከፈጠም ማዶ።»
የመጋዘኑ ኃላፊ እንየው መነጽሩን ጠርጎ አየ፤
ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ፣ አንዱን አይቸው ካንዱ እየለየ።

«የለህም» አለው።
              «አለሁ እንጂ፤ ይኸው ቆሜ!»
«እዚህ የለህም ነው የምልህ።»
              «አሥራ አራት ዓመት አባል ከርሜ?»

ጨርቁን ፈታ፣ ላስቲኩን ፈታ። የጥር ወር፤ ሙሉ ክፍያ፤
የበርበሬውን ብር ይዞ በቀጥታ ከገበያ
መጥቶ ነበር፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ አጥፎት የሄደ፤
አንድ ሳንቲም አላስቀረም። ለዚህ ነው በወንፊቱ የወረደ።

«እንግዲያ» አለ ቀስ ብሎ፣
«ዕዳ ሳለብኝ ስሜን ጠርታችሁ፣ በሞተር ልካችሁ እቤቴ ድረስ፤
ከፍዬ ብጨርስ፣ ከመዝገብ ልፈርስ?»

ሰልፉ ሳቀ። እንየው አልሳቀም። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤
ወንፊቱን የያዘው እጅ የኔ ነበረና፣ ጠፋሁ።

ማጣሪያው ጎን ያለችውን ትንሿን መስቀል ተጫንኩ።
ተመለሱ፦
የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ስሙ ሁለቴ የተጻፈው፣
አምና የቀበርናቸው መሪጌታ፣ ማንም ከመዝገብ ያልፋቃቸው፣
ስልኳን ስድስት ጊዜ የለወጠች የሽሃረግ፣
የሌላ ወረዳ ሰው፣ በስህተት የገባ፣
እና አይቸው ቢሻው፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ።
ክብ ናት ዜሮዋ፣ እንደ ታጠበ ዋንጫ አፍ።
ሁለት ዳፕ፣ ሁለት ዩሪያ። በአህያ ጭኖ ወጣ።
አላመሰገነኝም። ምን ብሎ?

ማታ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን፣ ሌላ እይታ ከፈትኩ፤ «ለእኔ ብቻ» አልኩት።
ስም። የአባት ስም። የአያት ስም፣ ይመለስ። ቀበሌም።
ዕዳ፦ አይታይ።
በምን ልደርድራቸው? በፊደል? በብር? በቀን?
ከሌሊት ተነስተው፣ ወንዙን በየት እንደ ተሻገሩ የሚል ዓምድ ፈለግሁ፤
ሻጮቹ አላሰቡትም።
አንድ ባዶ ዓምድ ጨመርኩ፣ ከዳር፣ ስም ሳላወጣለት፤
ሥራ አስኪያጁ ቢያያት «ይቺ ምን ትሠራለች?» ማለቱ አይቀርም።
ይበል፤ እኔም አላወቅሁም።

«አስቀምጥ»ን ልጫን እጄን ስሰድ፣
ጫንኩት አልጫንኩት እንጃ፣
መብራቱ ጥፍት አለ።